ፓምፑ የተወለደበት ዓመት

ኢያኒ፣ ኪቱዪ
አርብ፣ ማርች 1፣ 2019

ለእናቴ ለካሉንዴ፣

ሰላምታዬ አቧራውንም የአውቶቡሱን ግፊያም አልፎ ናይሮቢ ይድረስሽ። የእናቴን ስም ስለያዝሽ እናቴ እያልኩ መጥራቴ ቢሮሽ ውስጥ እንዳያሳፍርሽ፤ ደብዳቤውን ደብቀሽ አንብቢው።

ለምን አትደውልም ላልሽው፣ ስልክ ላይ አፌ ይተሳሰራል። የማስበውን ሳልጨርስ ካርዱ ያልቃል። ቅጾቹ ያሉበት ፖስታ በየአርቡ በአውቶቡሱ መምጣቱ ካልቀረ ደብዳቤውም አብሮ ይምጣ።

ስለ ነጥቦቹ ጠይቀሻል። የላክሽልኝን ወረቀት ከላይ እስከ ታች አየሁት። ሰባ አራት ፓምፕ፣ ሰባ አራት መስመር። አምሳ አንዱ ጎን ቁጥር አለ። ሃያ ሦስቱ ጎን ግን አንዲት ነጥብ ብቻ ተቀምጣለች። እኔ ዜሮ መሰለችኝ። ሞተዋል ማለቱ ነው ብዬ ደነገጥኩ። ከነሱ አራቱን እኮ ባለፈው ሳምንት በእጄ ነክቻቸዋለሁ፣ ውሃ ይሰጣሉ!

አሁን የገባኝን ልጻፍ፣ ከተሳሳትኩ አርሚኝ።

አንድ፣ ኮምፒውተርሽ ውስጥ ያለው ሞዴል የእኛን ፓምፖች አያውቃቸውም። የተማረው በባሕሩ በኩል ካሉ ሁለት ሺህ ፓምፖች ነው፤ የትኛው በስንት ዓመቱ ቆመ፣ የትኛው እስካሁን ይሠራል የሚለውን።

ሁለት፣ የእኛን ስታቀርቢለት እንደገና አይማርም። በተማረው ብቻ ለያንዳንዱ ውጤት ይሰጣል፣ አስተማሪ ፈተና እንደሚያርም።

ሦስት፣ ውጤቱ ማለት፣ ዛሬ የሚሠራ እንዲህ ያለ ፓምፕ መቶ ቢኖር ስንቱ ሳይቆም እስከ ኦክቶበር መጨረሻ፣ ዝናብ እስኪመጣ ይደርሳል ማለት ነው።

አራት፣ ዝቅተኛ ውጤት ያገኙት አሥራ ሁለቱ ከበጋው በፊት በአዲስ ይተካሉ። አሥራ ሦስተኛ የለም።

አምስት፣ ከሚጠይቀው አንዱ እንኳ ባዶ ከሆነ ሞዴሉ ዝም ይላል። ነጥቧ ዝምታው ናት።

ባዶ የተውኩት "የተተከለበት ዓመት" የሚለውን ነው። እኔ ፓምፕ መጠገን ከጀመርኩ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው፣ ከኔ በፊት የተተከሉትን አላውቅም። የማላውቀውን ብጽፍ ውሸት ይሆናል ብዬ ተውኩት። ግን ዝም የተባለ መንደር ከዝርዝሩ መውጣቱ ከሆነ አልተውም። ሳምንቱን ሙሉ በብስክሌት ዞርኩ። በየፓምፑ ሥር ሲሚንቶው ላይ ዓመት ተጽፏል፤ የሃያ ሦስቱንም ገልብጬ ልኬልሻለሁ።

እናትሽ ደህና ናት። ጠይቀሻል፣ ደህና ናት።

አባትሽ ኪሲሉ ንዛማ

ሁለት ጥያቄ፦ (1) ሞዴሉ የጠጋኙን ስም ይጠይቃል? ባይጠይቅ ይሻላል። (2) ገና ያልሞተ ፓምፕ ስለ መሞት ምን ያስተምረዋል?


ናይሮቢ
እሁድ፣ ማርች 10

አባዬ፣

ሾፌሩ ፖስታህን ሲሰጠኝ "ሽማግሌው እንደ እንቁላል ያዘው ብሎኛል፣ ምን አለበት?" አለኝ። ቅጽ ነው ስለው ተናደደ። መንገዱን ሙሉ ጭኑ ላይ ይዞት ነበር ለካ።

አምስቱንም በትክክል ተረድተኸዋል። እዚህ ዲግሪ ይዘው ሦስተኛው ላይ የሚሳሳቱ አሉ፤ ስማቸውን አልጽፍልህም።

ለጥያቄዎችህ፦ የጠጋኙን ስም አይጠይቅም፣ ተንፍስ። የሚጠይቀው የተተከለበትን ዓመት፣ ጥልቀቱን፣ የውሃውን ጨው፣ ስንት ቤተሰብ እንደሚቀዳበትና ኮሚቴ እንዳለው ነው። ያልሞተው ደግሞ ብዙ ያስተምራል። መቼ እንደሚቆም ባናውቅም እስከ ዛሬ እንዳልቆመ እናውቃለን። ሞዴሉ ይሄንንም ዕውቀት ብሎ ይቆጥረዋል፣ አይጥለውም።

አሁን ደስ የሚልህን ልንገርህ። ነጥቦቹ በሙሉ ጠፍተዋል፣ ሰባ አራቱም ውጤት አግኝተዋል። የእኛ ኢያኒ አምሳ ስምንት ነው፣ ከታች ዘጠነኛ። አዲስ ፓምፕ ይደርሰናል ማለት ነው! የክዋ ሙሊ መንደር ፓምፕ ደግሞ ዘጠና አንድ አግኝቷል፣ እንደ ጥጃ የሚዘል ነው አሉ።

ዝርዝሩ የሚጸድቀው ሰኞ ሜይ 13 ነው። "የሞላሁት ሁሉ እውነት ነው" የሚለውን ቅጽ ፈርመህ ላከው።

እማ እንዴት ናት? በአንድ መስመር ሁለቴ "ደህና ናት" ስትል እጠራጠራለሁ።

ካሉንዴ


ኢያኒ
አርብ፣ ማርች 22

እናቴ ካሉንዴ፣

ቅጹን አልፈረምኩም። ፖስታው ውስጥ ስትፈልጊው እንዳትደክሚ ከሰላምታው በፊት ልንገርሽ ብዬ ነው። አሁን ሰላም ላንቺ ይሁን።

"ክዋ ሙሊ ዘጠና አንድ" የሚለው ላይ ስደርስ የያዝኩት ሻይ ቀዘቀዘ። ቅዳሜ ጠዋት ሄድኩ። የውሃ ኮሚቴው ሊቀመንበር እማማ ኮኪ ከሩቅ አየችኝ።

"አንተ ኪሲሉ፣ ዛሬ ደግሞ ምን ልትቆጥር መጣህ?"

"ፓምፑን ላየው ነው። ናይሮቢ ያለው ኮምፒውተር ጎበዝ ነው ብሎታል።"

"እስቲ ይምጣና እጀታውን ይያዘው!"

እኔ ያዝኩት። መቁጠር ጀመርኩ። ከኋላዬ የተሰለፉት ሴቶች አብረውኝ ይቆጥሩ ጀመር። ሠላሳ ላይ ስንደርስ አንዷ "ጎበዙ እንቅልፍ ወስዶታል፣ ቀስቅሱት!" ብላ ሰልፉ ሁሉ ሳቀ። ውሃው የወጣው በአርባ ሦስተኛው ነው። የወጣውም ግማሹ አሸዋ ነው።

ጥፋቱ የሞዴሉ አይደለም፣ የኔ ነው። እንዴት እንደሆነ ልዘርዝርልሽ።

እኛ ጠጋኞች ቧንቧውንና ዘንጎቹን በሙሉ የለወጥንለትን ፓምፕ አሮጌ ነው አንልም። ሆድ ዕቃው አዲስ ስለሆነ እንደገና ተወለደ ነው የምንለው። የድሮውን ሲሚንቶ አፍርሰን አዲስ እናፈሳለን። ሳይደርቅ የዚያን ዓመት ቁጥር በጣት እንጽፍበታለን። ሴቶቹ ፍየል ያርዳሉ። የክዋ ሙሊው "2015" የኔ ጣት ነው፣ አንቺም ለዕረፍት መጥተሽ ከፍየሉ በልተሻል።

ሞዴሉ ግን የተማረው ጉድጓዱ መጀመሪያ ከተቆፈረበት ዓመት ነው፣ አይደል? ስለ ፍየሉ ማንም አልነገረውም። ክዋ ሙሊን የአራት ዓመት ልጅ ነው አልኩት፣ አመነኝ። የጉድጓዱ ብረት እኮ የድሮው ነው፣ ዝጓል፣ አሸዋ ያሳልፋል። እኔ አላየሁም አልልሽም። አይቻለሁ። ግን የራሴን ሥራ አሮጌ ብሎ ለመጻፍ እጄ አልሄደልኝም፤ እንዲያውም ትዝም አላለኝ። እንዲህ ነው የምናስበው።

ከሃያ ሦስቱ አሥራ ዘጠኙ እንደዚህ ናቸው ብዬ እገምታለሁ።

ክዋ ሙሊ ላይ መቶ ሰማንያ ቤተሰብ ይቀዳል። በጁላይ ቢቆም ያላቸው ቲቫ ወንዝ ነው፤ ሰባት ኪሎሜትር ሄዶ አሸዋ መቆፈር። እባክሽ፣ ለጊዜው ክዋ ሙሊን አንቺ በእጅሽ ከላይ ጻፊው። ሌላውን ቀስ ብለን እናስተካክላለን።

አባትሽ

እናትሽ ሰላም ትልሻለች።


ናይሮቢ
እሁድ፣ ማርች 24

አባዬ፣

አልጽፈውም።

ተቆጥቼ እንዳይመስልህ። ልጽፈው ብል አንድ ደቂቃ አይፈጅብኝም፣ ማንም አያየኝም። ችግሩ እሱ ነው። ዛሬ ክዋ ሙሊን ከጻፍኩ ነገ ውሃ የሚያገኘው ኮምፒውተሩ ላይ ልጁ የተቀመጠችለት ሰው ነው። አንተ ደግሞ ስለ አንዱ ነው የምትነግረኝ። ሌሎቹ አሥራ ስምንቱስ? እነሱም ጋ አርባ ሦስት ጊዜ የሚያስነቀንቅ እጀታ ይኖራል፣ አንተ ስላልያዝከው ነው።

ትክክለኛውን ዓመት አምጣልኝ። የሃያ ሦስቱንም። በግምት ሳይሆን ምስክር ባለው ነገር። ከሜይ 6 በፊት ከደረሰኝ ከመጀመሪያው እንደገና አስገባዋለሁ፣ የወጣው ይወጣል። ዓመቱ በፍጹም የማይታወቅ ካለ የሚቻሉትን ሁሉ ጻፍልኝ፣ በሁሉም እሞክረዋለሁ። ዝም ብለህ አንዱን አትምረጥ።

ስህተቱን የነገርከኝ አንተ ነህ። አለቃዬ ማን አገኘው ብላ ስትጠይቀኝ "አባቴ" አልኳት። ስናገር ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር መሰለኝ፣ ቢሮው ሁሉ ዞሮ አየኝ።

"እናትሽ ሰላም ትልሻለች" መልስ አይደለም፣ እኔ የጠየቅኩት እንዴት ናት ነው።

ካሉንዴ


ኢያኒ
አርብ፣ ኤፕሪል 26

እናቴ፣

መዘግየቴን ይቅር በይኝ። አምስት ሳምንት፣ ሃያ ሦስት መንደር፣ ሁለት የተበጠሰ ሰንሰለት፣ አንድ የነከሰኝ ውሻ። ዝናቡም አልራራልኝም። ግን ጨርሻለሁ። ወረቀቱ ላይ በእያንዳንዱ መስመር ሁለት ምስክር ፈርሟል፣ መጻፍ የማይችሉት በጣታቸው።

"ምን ብለህ ጠየቅሃቸው?" እንዳትዪኝ አስቀድሜ ልንገርሽ። ዓመቱን ብትጠይቂያቸው አንዱ ሰባ፣ አንዱ ሁለት ሺህ ይልሻል። ስለዚህ "ፓምፑ ሲመጣ ማን ተወለደ? ማን ሞተ?" እያልኩ ጠየቅኩ።

ክዋ ሙሊ። እማማ ኮኪ "ፓምፑ የመጣ ዕለት የተወለደ ልጅ አለን። ሙቲሶ ነው ስሙ፣ ግን ማን ይጠራዋል? ፓምፕ ነው የምንለው" አለችኝ። ፓምፕ አሁን ሞተር ብስክሌት ላይ ሰው እየጫነ ይሠራል። ገበያ ጠብቄ ያዝኩት።

"መታወቂያህን አሳየኝ።"

"ምን አጠፋሁ ጋሼ?"

"ምንም። ዕድሜህን ነው የምፈልገው።"

"ያችን የናይሮቢዋን ልጅህን ልትድርልኝ ነው እንዴ? አግብቻለሁ እኮ! ምነው ቀድመህ ብትመጣ!"

አትቆጪ። መታወቂያው 1988 ይላል። ክዋ ሙሊ የአራት ዓመት ልጅ ሳይሆን የሠላሳ አንድ ዓመት ሰው ነው።

ኢቱምባ። ፓምፑ የመጣው በረሃቡ ዓመት ነው አሉ። የትኛው ረሃብ? ብዬ ዋዩአ የሚባሉ ሴቶች ፈለግኩ፣ በረሃብ ዓመት የተወለዱትን ማለት ነው። አራት አገኘሁ። ሦስቱ የ1984 ናቸው። አራተኛዋ ዕድሜዋን ቀንሳ ነገረችኝ፣ እህቷ ናት ያረመቻት።

የአምስቱ መንደር ደግሞ ሚሲዮኑ ቤት በአሮጌ ደብተር ተገኘ፣ ሁሉም 1993። የቀሩትን ወረቀቱ ላይ ታያቸዋለሽ። አንዱን ብቻ እርግጠኛ አይደለሁም። ሁለት ወንድማማቾች ሊደባደቡበት ደረሱ፣ አንዱ 1991 ሌላው 1992 ይላሉ። ሁለቱንም ጽፌያለሁ፣ አልመረጥኩም።

ከሃያ ሦስቱ የተሳሳተው አሥራ ዘጠኝ ነው ብዬሽ ነበር። ሃያ አንድ ሆነ።

አንድ ነገር ልደብቅሽ አልፈልግም። ከኔ ጋር የሚጠግነው ንዴቶ መንገድ ላይ አግኝቶኝ "የራስህን ሥራ አርጅቷል ብለህ ልትመሰክር በብስክሌት ትዞራለህ? ነገ ማን ይቀጥረናል?" አለኝ። ከነከሰኝ ውሻ ይልቅ ይሄ አመመኝ። ሦስት ቀን አሰብኩበት። ከዚያ አሥራ አራተኛው መንደር ሄድኩ።

ኢያኒን አልነካሁትም። 1996 ነው፣ እኔው ነኝ ያስተከልኩት፣ ድሮም ትክክል ነበር።

አባትሽ

እናትሽ በቆሎውን እየኮተኮተች ነው።


ኢያኒ
አርብ፣ ሜይ 10

እናቴ ካሉንዴ፣

ቅጹ ፖስታው ውስጥ አለ። ፈርሜዋለሁ። አምስት ጊዜ አይቼ ነው የፈረምኩት።

ደብዳቤሽ ላይ ሦስት ጊዜ "ይቅርታ" ብለሻል። ለምን? ኢያኒ ድሮም አምሳ ስምንት፣ አሁንም አምሳ ስምንት ነው። እሱ ከቦታው አልተነቃነቀም። ሌሎቹ ናቸው እውነተኛ ዕድሜያቸውን ይዘው ወደ ታች ያለፉት። ክዋ ሙሊ ውጤቱም እንደ ዕድሜው ሠላሳ አንድ ሆኖ ከታች የመጀመሪያው ሆነ። እኛ አሥራ አራተኛ ሆንን። አሥራ ሁለቱ ጋ ለመድረስ ሁለት ቀረን። እንግዲህ ሁለትም ይቅር፣ ሃምሳም ይቅር፣ ያው ነው።

አልከፋኝም ብልሽ አታምኚኝም። ደብዳቤሽን አንብቤ ግቢ ወጣሁ፣ ያልላላ የብስክሌት ብሎን አጠበቅኩ። ከዚያ ለእናትሽ ነገርኳት።

"ቆይ፣ በብስክሌት ዞረህ ዞረህ የራስህን መንደር አስወጣህ?"

"አዎ።"

"የአንተ ዝርዝር ጀሪካን ይሞላል?"

ሙቶኮይውን፣ የበቆሎና የባቄላ ቅቅሉን፣ ማማሰሏን ቀጠለች። ከዚያ ሳትዞር፣

"ክዋ ሙሊ ስንት ቤተሰብ ነው?"

"መቶ ሰማንያ።"

"እኛስ?"

"ስልሳ ሁለት።"

"ፈርም እንግዲህ። ምን ትቆማለህ? ብዕር ጠፋህ?"

ብዕሩን ያመጣችልኝ እሷ ናት። እያነከሰች።

አሁን ሦስቴ የጠየቅሽኝን ልመልስ። እናትሽ ደህና አይደለችም። ከጃንዋሪ ጀምሮ ቀኝ ጉልበቷ አብጧል። ክሊኒክ ወስጃታለሁ፣ መድኃኒት ሰጥተዋታል፣ ሩቅ እንዳትሄድና እንዳትሸከም ብለዋታል። የእኛ ፓምፕ ቅርብ ነው፣ እስካሁን እሱ ነው ያዳናት። ቲቫ ለሷ አይሆንም።

ይሄን በማርች ብነግርሽ ኖሮ ኢያኒ የሚለውን መስመር ባየሽ ቁጥር ጉልበቷን ታዪ ነበር። እጅሽ እንደማይሄድ አውቃለሁ። ልብሽ ግን ይሄድ ነበር፣ የኔም ሄዶ ነበር። ስለዚህ ዋሸሁሽ። የጻፍኩት ዓመት ሁሉ እውነት እንዲሆን ስል ስለ እናትሽ ዋሸሁሽ። ብትቆጪኝ ይገባኛል። ግን ሰኞ ዝርዝሩ ከጸደቀ በኋላ ተቆጪኝ።

አባትሽ ኪሲሉ


ኢያኒ
አርብ፣ ኦገስት 16

እናቴ፣

የላክሽው የጉልበት ማሰሪያ ደርሷል። እናትሽ "ናይሮቢዎች ሰውን እንደ ቧንቧ ይጠግናሉ እንዴ?" ብላ ሳቀች፣ ግን አታወልቀውም። ሦስት ወር ሙሉ ለሷ ብቻ እየጻፍሽ እኔን በኩርፊያ መቅጣትሽንም ተቀብያለሁ። ጨርሰሽ ከሆነ ደስ ይለኛል።

ትናንት ለእናትሽ ደውለሽ የጠየቅሽው እውነት ነው። የኢያኒ ፓምፕ ቆሟል።

እንዳትደነግጪ፣ የሠራሁትን ልንገርሽ። አዲሶቹ አሥራ ሁለቱም ተተክለው አልቀዋል። ክዋ ሙሊ አሁን በሦስተኛው ምት ውሃ ይሰጣል፣ እኔው ራሴ ቆጥሬዋለሁ። ከወጣው አሮጌ ውስጥ ዘጠኝ ዘንግና ስድስት ቧንቧ ገና ደህና ነው። ኮሚቴውን ለመንኩ። እማማ ኮኪ "ውሰድ፣ ግን ለሚስትህ ለሲዮምቡዋ ጉልበት ነው የሰጠሁት፣ ላንተ አይደለም" አለችኝ። ፓምፕ የሚሉት ያ ሙቲሶ ሁለት ጊዜ ተመላልሶ በሞተሩ አመጣልኝ። ንዴቶም መጣ፣ ሳልጠራው፣ የራሱን መፍቻ ይዞ። ስላለኝ ነገር ምንም አላነሳም፣ እኔም አላነሳሁም። ዛሬ ጠዋት የኢያኒን ቧንቧ እስከ አምስተኛው አውጥተናል። ዘጠኝ ይቀራል። ጎሚኒው፣ ውሃውን የሚስበው ላስቲክ፣ አልቋል፣ አንዱ ዘንግ ተበጥሷል፣ ጉድጓዱ ግን ደህና ነው፣ አሸዋ የለውም። ሰኞ ወይም ማክሰኞ ይሠራል። ካልሠራ ሮብ እንደገና እናወጣዋለን።

ስልሳ ሁለቱ ቤተሰብ እስከዚያ ቲቫ ይቀዳል። እናትሽም። አትሂጂ አልኳት፣ ከጎረቤት አህያ ተውሳ ተቀምጣበት ሄደች። ለምነሽ ጻፊላት፣ እኔን አትሰማኝም።

የእኛን ፓምፖች አሁን ለሞዴሉ ማስተማሪያ ልታስገቢያቸው ነው አልሽ፣ የቆመበትን ቀን በትክክል ፈልገሻል። ሐሙስ ኦገስት 15 ብዬ ቅጹን ሞልቼ ነበር። እጀታው በእጄ ላይ የተለቀቀው ሐሙስ ነው፣ እስከዚያ አንድ ጀሪካን በግማሽ ሰዓት ይሞላ ነበር። ለጠጋኝ ይሄ የሚሠራ ፓምፕ ነው። እናትሽ ትከሻዬ ላይ ሆና አነበበችው።

"ሐሙስ? እኔ ማክሰኞ ቲቫ ነበርኩ። የመንደሩ ሴት ሁሉ ማክሰኞ ቲቫ ነበረች። ከዚያ ወዲያ ብቻህን ነው ስትነቀንቀው የነበርከው።"

ሐሙስን ሰርዤዋለሁ። ማክሰኞ፣ ኦገስት 13 ብለሽ ጻፊ።

አባትሽ ኪሲሉ ንዛማ